ዋንስ አፖን ኤ ታይም፦ ማን ለማን ምኑ ነው? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስለዚ ድራማ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ሚጠይቀኝ ያው አንድ አይነት ነገር ነው፣ ኤማ ለማን ነበር ሚገባት፣ ያ የፖስታ ካርዱ ሰውዬ ማነው፣ ሬጂና ለሄንሪ ምኑ ናት፣ ስለዚ አንዴ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልመልስ ብዬ ነው። ከመጀመሪያው ሲዝን እስከ መጨረሻው ስፖይለር ሞልቶበታል። የሄንሪ አባት ማን እንደሆነ ገና ያልደረሳችሁበት ካላችሁ እባካችሁ እዚ ጋ አቁሙና ሲዝን 2ን ጨርሳችሁ ኑ፣ እሷን ነገር በራስ መድረስ ሌላ ደስታ አለው።

ላላየ ሰው፣ ድራማው ስለምንድነው?

ክፉዋ ንግስት ሬጂና የስኖው ኋይትና የፕሪንስ ቻርሚንግ ሰርግ ላይ በሩን በርግዳ ገብታ ደስታችሁን አጠፋዋለሁ ብላ ትዝትባቸዋለች፣ ከዛ እርግማኑን ትለቀውና የተረት አገር ሰዎች ማንነታቸውን ረስተው አሜሪካ ሜይን ውስጥ ስቶሪብሩክ በምትባል ትንሽ ከተማ ይገኛሉ። ጊዜ ቆሟል፣ የከተማዋ ትልቅ ሰዓት 8:15 ላይ ደርቋል፣ ማንም አያረጅም። በዛች ቀን የተወለደችውን ኤማን ግን ወላጆቿ ከአስማት ዛፍ በተሰራ ቁምሳጥን ከተው ወደኛ ዓለም አሻግረዋታል፣ እሷም ወላጆቼ መንገድ ዳር የጣሉኝ ልጅ ነኝ ብላ እያመነች በየሰው ቤት ስትዞር አድጋለች። 28 ዓመት በሞላት ቀን ቦስተን አፓርታማዋ ውስጥ ብቻዋን ትንሽዬ ኬክ ላይ የኮከብ ቅርጽ ያላት ሻማ አብርታ ዓይኗን ጨፍና ስትመኝ በሩ ይደወላል፣ ስትከፍት የ10 ዓመት ልጅ ቆሟል፣ ልጅሽ ነኝ ይላታል። ሄንሪ ነው። ወደ ስቶሪብሩክ ይወስዳታል፣ እሷ እቆያለሁ ስትል ያ የደረቀ ሰዓት አንድ ደቂቃ ይንቀሳቀሳል።

የጻፉት ኤድዋርድ ኪትሲስና አዳም ሆሮዊትዝ ናቸው፣ ከዛ በፊት ሎስት ሚባለው ድራማ ላይ የሰሩ ሰዎች (8:15 ከሎስቱ በረራ 815 ጋር መመሳሰሉ እንዲሁ አይደለም)። ኤቢሲ ላይ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2011 ተጀምሮ ሜይ 2018 አለቀ፣ 7 ሲዝን 155 ኤፒሶድ። የከተማዋ ውጪ ሚታየው አብዛኛው ካናዳ ውስጥ ስቲቨስተን ሚባል የአሳ አጥማጆች ሰፈር ነው የተቀረጸው።

ከተማው ውስጥ ያለው ሰው ተረቱ ላይ ማን እንደሆነ እንዴት ነው ቀድሞ የሚታወቀው?

ስሙን እዩ። የአስማቱ መስታወት ስቶሪብሩክ ውስጥ ሲድኒ ግላስ ነው፣ ግላስ ያው መስታወት ማለት ነው። ቀይ ካባዋ ሩቢ ናት። ገለባ ፈትሎ ወርቅ ያደርግ የነበረው ራምፕልስቲልትስኪን ሚስተር ጎልድ ሆኗል። የስኖው የአባት ስም ብላንቻርድ ነው፣ ከፈረንሳይኛው ነጭ ከሚለው ቃል፣ ሬጂና ደግሞ በላቲን ንግስት ማለት ነው። በጣም የወደድኩት ዶክተር ዌል ነው፣ ሲዝን 1 ሙሉ ሰው ሲከራከርበት ከርሞ ሲዝን 2 ላይ ፍራንከንስታይን ሆኖ ወጣ፣ የ1931ዱን የፍራንከንስታይን ፊልም ያዘጋጀው ሰውዬ ስሙ ጄምስ ዌል ነበር። ይቺን ያወቀ ፋን አንድም ትዕይንት ሳይጠብቅ ደርሶበታል።

ግን ስም የሚነግራችሁ ማን እንደሆነ እንጂ ለማን ምኑ እንደሆነ አይደለም። ለሱ ሌላ መንገድ አለው፣ ቀጥሎ ያለው ላይ እሱን ነው ማወራው።

የሄንሪ አባት ማን እንደሆነ ሰው እንዴት ቀድሞ አወቀ?

ሲዝን 2 ሲጀምር ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የማናውቀው ሰውዬ ቤቱ ይገባል፣ መስኮቱ ላይ ርግብ ትመጣና ፖስታ ካርድ ትጥላለች፣ ካርዱ ላይ ስቶሪብሩክ የሚል አለ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ፣ ተሰበረ የምትል። በቃ ይሄው ነው። ስሙን አይነግሩንም፣ ከዛ በኋላ ለሳምንታት ዝም።

እኔና እህቴ ይሄን ፍላሽ ላይ አስጭነን ነበር ምናየው፣ እህቴ እዛ ጋ ስትደርስ አቆመችውና ይሄ የራምፕል ልጅ ነው አለችኝ። በምን አወቅሽ ስላት፣ እስካሁን የጠፋና የሚፈለግ ልጅ ማነው ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። እኔ ያኔ ማስበው ኤማን የሚያገባት ማነው እያልኩ ስለነበር አልታየኝም። እሷ ግን ሲዝን 1 ላይ ያየነውን ይዛ ነው፦ ራምፕል ጨለማውን ኃይል ከያዘ በኋላ ልጁ ቤልፋየር አባቱን ከአስማት ለማላቀቅ ባቄላ ያገኛል፣ አስማት ወደሌለበት ዓለም አብረን እንሂድ ይለዋል፣ መሬቱ ይከፈታል፣ ልጁ ይገባል፣ አባትየው ግን ኃይሉ ያለበትን ጩቤ መሬት ላይ ሰክቶ በአንድ እጁ እሱን ይዞ በሌላው የልጁን እጅ ይዞ ቆይቶ ቆይቶ የልጁን ይለቀዋል። ኃይሉን ያዘ ልጁን ለቀቀ። ከዛ በኋላ ያለው ድራማ በሙሉ፣ እርግማኑ ራሱ ሳይቀር፣ ራምፕል ያንን የለቀቀውን እጅ ለማግኘት የሸረበው ነው።

ሲዝን 2 ኤፒሶድ 6 ላይ (ኖቬምበር 2012) ኤማ ልጅ ሆና ያፈቀረችው ኒል ካሲዲ ሚባል ሌባ እንደነበር አየን፣ እሷ የሰረቀችው ቢጫ ቮልስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተኝቶ የነበረው፣ መኪናዋን ከሷ በፊት የሰረቀው እሱ ነበር። ፖስታ ካርዱ የሄደው ለሱ እንደሆነም እዛው ታወቀ። ፌብሯሪ 2013 ላይ ደግሞ ራምፕል ማንሃተን ድረስ ልጁን ፍለጋ ሲሄድ ኒል ቤልፋየር ሆኖ ተገኘ። ስለዚ ሄንሪ የራምፕል የልጅ ልጅ ነው።

እኔ ከዛ ቀን ጀምሮ ግምቴን ቀይሬአለሁ። በዚ ድራማ ላይ ማን ማንን ይስማል ብላችሁ ከተነሳችሁ ትሳሳታላችሁ፣ ማን ማንን ጥሎ ሄደ ብላችሁ ከተነሳችሁ ግን ብዙ ጊዜ ትደርሱበታላችሁ።

እስቲ የዘር ሐረጉን በአማርኛ አስረዱኝ

በአማርኛ እኮ ይቀላል፣ ለሁሉም ቃል አለን። ሬጂና የስኖው እንጀራ እናት ናት፣ የስኖውን አባት ንጉስ ሊዮፖልድን ስላገባች። ኤማ የስኖው ልጅ ስለሆነች ሬጂና ለኤማ እንጀራ አያቷ ናት ማለት ነው። ያቺው ሬጂና ደግሞ ሄንሪን ሕፃን እያለ በማደጎ ወስዳ ያሳደገችው እናቱ ናት፣ ግን በኤማ በኩል ከቆጠራችሁ የእንጀራ ቅድመ አያቱ ትሆናለች። ሄንሪ በእናቱ በኩል አያቶቹ ስኖውና ቻርሚንግ፣ በአባቱ በኩል አያቱ ራምፕል፣ ቅድመ አያቱ ደግሞ ፒተር ፓን። አዎ ፒተር ፓን። ሲዝን 3 ላይ ፓን ማለት የራምፕል አባት ማልኮም ነው፣ ኔቨርላንድ ላይ ወጣት ሆኖ ለመቅረት ብሎ ገና ልጅ የነበረውን ራምፕልን የጣለው።

ልጆቹን በተራ ቁጠሩልኝ። ፓን ራምፕልን ጣለ፣ ራምፕል ቤልፋየርን ለቀቀ፣ ቤልፋየር አድጎ ኒል ሆኖ ኤማን ትቷት እሱ በሰረቃቸው የእጅ ሰዓቶች ምክንያት እሷ እስር ቤት ገባች፣ ኤማ እዛው እስር ቤት ወልዳ ሄንሪን ለማደጎ ሰጠች። የአባት ዕዳ ለልጅ ሚባለው በቁሙ ይሄ ነው። ኮራም የመጀመሪያ ልጇን ዘሊናን ጥላ ነው ሬጂናን የወለደችው፣ የባህር ወንበዴውን ካፒቴን ሁክንም አባቱ ሸጦታል።

በዝምድና አይጋቡም እያላችሁ ለምትከራከሩ፦ ከላይ የቆጠርኩት አብዛኛው እንጀራና ማደጎና አምቻ ጋብቻ እንጂ ደም አይደለም። እንደኛ ሰባት ቤት ብትቆጥሩ እንኳን ኤማ ከሬጂናም ከሁክም ከኒልም ጋር በደም አትገናኝም።

ሬጂና የራምፕል ልጅ ናት የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ራምፕልና የሬጂና እናት ኮራ ተዋደው ነበር፣ አስማት ያስተማራትም እሱ ነው፣ ግምቱ ከዛ ነው የመጣው። ኮራ ግን ልቧን ከደረቷ አውጥታ ፍቅሩን ትታ ፕሪንስ ሄንሪን አገባች፣ ሬጂና የሱ ልጅ ናት፣ የልጇንም ስም ያወጣችው በአባቷ ነው። ዘሊናም የራምፕል አይደለችም፣ አባቷ ልዑል ነኝ ብሎ ኮራን ያታለለ ጆናታን ሚባል አትክልተኛ ነው።

ኤማ ለማን ነበር የምትገባው፣ ለኒል ወይስ ለሁክ?

በጣም የተጨቃጨቅንበት። ድራማው መልሱን ሰጥቷል፣ ሁክን አገባች፣ 2017 ላይ በዘፈኑ ኤፒሶድ፣ ሆፕ ሚባል ሴት ልጅም ወለዱ። ግን ጥያቄው ስለሚገባት ስለሆነ ያለኝን ልበል።

የኒል ወገን የነበራችሁ ቁጭታችሁ ይገባኛል፣ የመጀመሪያ ፍቅሯና የልጇ አባት ነው፣ ቮልሷም ቁልፏም ሁሉም የሱ ትዝታ ነው። ግን ኒልን እንደ ባል ብቻ ካየነው ታሪኩን እናጎድልበታለን። የሱ ታሪክ ከኤማ ጋር አይደለም ያለቀው፣ ከአባቱ ጋር ነው። ሲዝን 3 ላይ ራምፕልን ከሞት ለማስነሳት የራሱን ሕይወት ከፈለ፣ ያ እጁን ለቆ ገደል የጨመረውን አባት። ሲሞትም ኤማና አባቱ አጠገቡ ነበሩ። እኔ ያን ኤፒሶድ ሁለተኛ ጊዜ ለማየት ብዙ ጊዜ ነው የፈጀብኝ። ስኖውና ቻርሚንግ በኋላ የወለዱትን ወንድ ልጅ ኒል ብለው ስም ሲያወጡለት ደግሞ እንደገና።

ሁክን በተመለከተ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የኒል እናት ሚላ ባሏንና ልጇን ትታ የሄደችው ከሁክ ጋር ነው፣ ራምፕል ልቧን ጨፍልቆ የገደላትና የሁክን እጅ የቆረጠው በዛ ነው፣ በኋላም ኔቨርላንድ ላይ ሁክ ትንሹን ቤልፋየርን ለጊዜው አስጠግቶት ነበር፣ መጨረሻ ግን አሳልፎ ሰጠው። እንጀራ አባቱ ሊሆን የነበረ ሰው ማለት ነው። ስለዚ ኤማና ሁክ ሲዋደዱ ነገሩ የሁለት ሰው አይደለም። እኔን ያሳመነኝ መሳሳማቸው ሳይሆን መርከቧ ናት፣ ሁክ በሕይወቱ ያልተዋት ብቸኛ ነገር መርከቡ ነበረች፣ እሷን ለአስማት ባቄላ ለውጦ ነው ኤማን ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ ያገኛት። እስከዛ ድረስ ያገኛት ሰው ሁሉ ሲተዋት የኖረች ልጅ ናት፣ አንድ ሰው እሷን ብሎ ሌላውን ነገር ሲተው የመጀመሪያዋ ነው።

ስዋን ኩዊንስ (ፋኖች ለኤማና ለሬጂና ጥንድ ያወጡት ስም)? ኤማና ሬጂና ይፋቀራሉ ተብሎ ታስቦ ነበር?

ይሄንን ማፈን ወይም መሳደብ አልወድም፣ የድራማው ትልቁና ታማኙ የፋን ወገን አንዱ ነው፣ የሚያነሱትም ማስረጃ ከድራማው ውስጥ ነው። ሲዝን 4 መጨረሻ ላይ ጨለማው ሬጂናን ሊውጣት ሲል ኤማ ጩቤውን ይዛ በሷ ፈንታ ገባችበት። እንዲሁ ለማንም ሰው ነው ይሄ ሚደረገው? ጸሐፊዎቹ ግን ወደ ፍቅር አልወሰዱትም፣ ኤማን ከሁክ ሬጂናን ከሮቢን ሁድ ነው ያደረጉት።

እኔ ይሄን ግንኙነት የድራማው ልብ ነው ብዬ ነው ማምነው፣ በምንም ስም ብትጠሩት። ምክንያቴን ልንገራችሁ፦ በዚ ድራማ ሕግ እርግማን የሚሰበረው በእውነተኛ ፍቅር መሳም ነው፣ ሁላችን ደግሞ የምንጠብቀው ልዑልና ልዕልት ነው። ሲዝን 1 መጨረሻ ላይ ሄንሪ ተመርዞ ሆስፒታል ሞቶ ተኝቶ ኤማ ግንባሩን ስትስመው ነው እርግማኑ የተሰበረው። ሲዝን 3 ላይ ደግሞ ሌላ እርግማን መጥቶ ሬጂና ያንኑ ልጅ ግንባሩን ስትስመው ተሰበረ። የወለደችውም ያሳደገችውም፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ግንባር። እኛ አገር የማደጎ ልጅ ያሳደገ ሰው ይሄን ሲያይ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ይሄ ትዕይንት ላይ ወጥ እያማሰለች ነበር፣ ማማሰያውን ይዛ ቆማ ቀረች።

ደግሞ ሬጂና ሕፃኑን የወሰደች ሰሞን ያለው ኤፒሶድ አለ፣ ሲዝን 3 ኤፒሶድ 9። ልጁ ያለቅሳል አያቆምም፣ ግራ ይገባታል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ስትደርስበት ደግሞ እርግማኑን ከምታፈርሰው ሴት የተወለደ መሆኑን አወቀች። ልትመልሰው ትችል ነበር። ያወቀችውን የሚያስረሳ መድኃኒት ቀምማ ጠጥታ ልጁን አስቀረችው። ማን ማንን ጣለ በሚለው ድራማ ውስጥ አልጥልም ያለች እሷ ናት፣ ክፉዋ ንግስት።

ራምፕልና ቤል እውነተኛ ፍቅር ነበር ወይስ ጎጂ?

ሁለቱም። ደጋግሞ ዋሽቷታል፣ ጩቤውን ሰጥቼሻለሁ ብሎ የውሸቱን ሰጥቶ አግብቷታል፣ ይሄንን ለማስዋብ አልሞክርም። ግን ሲዝን 1 ላይ ያቺን ሲኒ እዩልኝ። ቤል ቤተመንግስቱ በገባች ጊዜ የጣለቻት፣ አፏ ላይ የተሸረፈች ትንሽዬ ሲኒ። ሞታለች ብለው ከነገሩት በኋላ ካለው ወርቅ ሁሉ ያቺን አስቀመጠ፣ ስቶሪብሩክ ውስጥ ስትሰረቅበት ሰውየውን በምርኩዙ ሊገለው ነበር። መጨረሻ ላይ እሷ አርጅታ ሞተች፣ እሱም ልቡን አውጥቶ ለሲዝን 7ቱ ሁክ (ማን እንደሆነ ከታች አለ) ሰጥቶ ሞተና ከሷ ጋር ተገናኙ። አንድን ነገር ለቆ ሌላውን የሚያተርፍበት የመጨረሻ ጊዜ።

አንበሳ የተነቀሰው ሰውዬ ሮቢን ሁድ መሆኑ መቼ ታወቀ?

ቲንከርቤል ሬጂናን በፊት ወደ አንድ መጠጥ ቤት ወስዳ ዕጣሽ ይሄ ነው ብላ አሳይታት ነበር፣ ፊቱ አልታየም፣ ክንዱ ላይ ግን የአንበሳ ንቅሳት አለ። ሬጂና ፈርታ ሳትገባ ሮጠች። ሮቢን እጅጌውን ሲሰበስብ ንቅሳቱ የታየው በዛው ኤፒሶድ ነው፣ ሲዝን 3 ኤፒሶድ 3፣ ከዛ በኋላ ሚገመት ነገር አልነበረም። ያልተገመተው ሬጂና እሱን የተነጠቀችበት መንገድ ነው። ሚስቱ ማሪያን ከሞት ተመልሳ መጣች ሲባል ዘሊና መልኳን ለብሳ ነበር፣ ከሱም አረገዘች፣ ሲዝን 5 ላይ ደግሞ ሄዲስ ሬጂናን ሊመታ ሲል ሮቢን መሃል ገብቶ ነፍሱ ጭምር ጠፋ። የተወለደችው ልጅ በአባቷ ስም ሮቢን ተባለች።

ተዋጊዋ ሙላንስ ለአውሮራ (ለተኝታዋ ልዕልት) ምን ልትላት ነበር?

እንደምታፈቅራት። ልትነግራት ሄዳ አውሮራ ቀድማ ማርገዟን ነገረቻት፣ ሙላንም ዝም ብላ ወጥታ ከሮቢን ሰዎች ጋር ተቀላቀለች። ብዙ ፋን እዛ ላይ ተቆርጦ መቅረቱ አሳዝኖታል። ሲዝን 5 ላይ ሩቢና ዶሮቲ፣ ሲዝን 7 ላይ ደግሞ አሊስና ሮቢን (ያቺው የዘሊና ልጅ) ጥንድ ሆነዋል፣ የመጨረሻዎቹ ጥንድ ብቻ ናቸው በቂ ጊዜ ያገኙት።

ስኖውና ቻርሚንግ በእውነትም ባልና ሚስት ናቸው?

አዎ። ጂኒፈር ጉድዊንና ጆሽ ዳላስ 2014 ላይ ተጋቡ፣ ሲዝን 3 ላይ የስኖው እርግዝና የታከለውም ተዋናይዋ ራሷ ስላረገዘች ነው።

ሲዝን 7 ላይ ያለው ሁክ ኤማን ትቷት ነው የመጣው?

አይደለም፣ በዚ ነገር ማንም አይዘን። ሲዝን 7 ሲያትል ውስጥ ነው፣ ሄንሪ አድጎ ሉሲ ሚባል ሴት ልጅ አለችው፣ እሷም እንደሱ በሩን ቆርቁራ ልጅህ ነኝ ትለዋለች። እዛ ያለው ሁክ ከምኞት ዓለም የመጣ ሌላ ሁክ ነው፣ የአሊስ አባት። የኤማው ሁክ ስቶሪብሩክ ከሚስቱ ጋር ነው። የአሊሱ ሁክ ግን እዩት፣ ልቡ ተመርዞ ልጁን መንካት አይችልም፣ በተጠጋት ቁጥር ያመዋል፣ ቢሆንም ርቆ ርቆ ይከተላታል።

ሬጂና መጨረሻ ላይ ብቻዋን ቀረች እንዴ?

ፍቅረኛ የላትም ማለታችሁ ከሆነ አዎ። ሮቢን ሞቷል፣ ሌላም ሰው አልተሰጣትም፣ ብዙ ሰው በዚ ተናዷል። እኔ ግን የመጨረሻውን ኤፒሶድ ካየሁ በኋላ ወዲያው የመጀመሪያውን መልሼ ከፈትኩት። ሰርጉ ላይ በሩን በርግዳ ስትገባ እንግዳው ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ስኖው የቻርሚንግን ሰይፍ ትመዛለች። መጨረሻው ላይ እነዛው ሰዎች ዓለማቱ ሁሉ አንድ ሆነው ደጓ ንግስት ብለው ሊያነግሷት ተሰብስበዋል፣ ስኖውም አለች፣ በሩ ይከፈትና ኤማ ከሁክና ከሕፃኗ ጋር ትገባለች፣ ሄንሪም እዛው ቆሟል።